አንደበተ ርቱዕ ነፍሰ ገዳይ፦ በ«ማክቤዝ» ውስጥ ዘይቤ ማንን ያገለግላል?

በትምህርት ቤት ዘይቤን የተማርነው እንደ ዝርዝር ነው። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ። አንድ ስንኝ ይሰመርበትና «ይህ የትኛው ዘይቤ ነው?» ይባላል፤ ከአራቱ አማራጮች አንዱን ከበን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንሄዳለን። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ዘይቤን የሚያስበው ኬክ ላይ እንደሚቀባ ክሬም ነው። ሐሳቡ ከስር አለ፣ ዘይቤው ከላይ ሆኖ ያሳምረዋል። ፈተናው ያልጠየቀን ጥያቄ ግን ይኸኛው ነበር፦ ሰውዬው ነገሩን በቀጥታ መናገር ሲችል ለምን በሌላ ነገር መስሎ ተናገረው? ሊያሳየን ነው ወይስ ሊደብቀን?

ይህን ጥያቄ ይዞ ለሚነሳ አንባቢ የዊልያም ሼክስፒር «ማክቤዝ» ጥሩ መፈተኛ ነው። ከሼክስፒር ትራጄዲዎች ሁሉ አጭሩ ነው። የተጻፈው በ1606 ገደማ ሲሆን የታተመው ግን ደራሲው በሞተ በሰባት ዓመቱ፣ በ1623 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በአማርኛ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተርጉሞታል።

ታሪኩ ያልተወሳሰበ ነው። ማክቤዝ የሚባል የስኮትላንድ የጦር አዝማች ከድል ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች መንገድ ላይ ያገኙትና ንጉሥ ትሆናለህ ይሉታል። ሚስቱ ትገፋፋዋለች። ቤቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ ደንካንን በተኛበት ገድሎ ይነግሣል። ዙፋኑን ለማጽናት ወዳጁን ባንኮን ያስገድላል፤ ቀጥሎ የማክዳፍን ሚስትና ልጆች ያስጨርሳል። በመጨረሻ ማክዳፍ ራሱን ይቆርጠዋል። በቃ።

የሚረብሸው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። በዚህ ቴአትር ውስጥ እጅግ ያማረው ቋንቋ የተሰጠው ለገዳዩ ነው። የሚገደለው ደንካን ደግ ነው፤ ግን ሲናገር ልብ አያስቆምም። ፍትሕን ይዞ የሚመለሰው ልጁ ማልኮም ጠንቃቃና ደረቅ ነው። ማክቤዝ ግን አፉን ሲከፍት ሌሊት፣ ባሕር፣ ሰማይና ነፋስ አብረውት ይነሳሉ። ስለዚህ እኛ ተመልካቾች ሳናስበው ከእሱ ጋር እንቆማለን። እንዲህ ጠልቆ የሚያስብ ሰው እንዴት ክፉ ይሆናል? እናዝንለታለን፣ አንዳንዴ ከሞቱት አስበልጠን።

እዚህ ላይ ነው መጨቃጨቅ የምፈልገው። ያማረ ቋንቋ የገዳይን እጅ ያጥባል ወይ? የኔ መልስ አያጥብም ነው። መልሱን ደግሞ ከውጭ ያመጣሁት የሥነ ምግባር ትምህርት አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ቴአትሩ ራሱ በዘይቤዎቹ ውስጥ አስቀምጦታል።

የሰው ልብስ

በ1935 ካሮላይን ስፐርጀን የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ የሼክስፒርን ምስሎች አንድ በአንድ ለቅማ መጽሐፍ አሳተመች። «ማክቤዝ» ውስጥ ልብስ ደጋግሞ እንደሚመጣ በሰፊው ያሳየችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ገቢር ማክቤዝ የካውዶር መስፍን ተብለሃል ሲሉት፣ የቀድሞው መስፍን በሕይወት እያለ እንዴት የሰው ልብስ ታለብሱኛላችሁ ይላል። አጠገቡ ያለው ባንኮ አዲስ ማዕረግ እንደ አዲስ ልብስ ነው፣ እስኪለመድ ሰውነት ላይ አይቀመጥም ይላል። በመጨረሻው ገቢር ደግሞ ከመኳንንቱ አንዱ፣ ንግሥናው በማክቤዝ ላይ የግዙፍ ሰው ካባ የሰረቀ ድንክ እንዳስመሰለው ይናገራል። ስፐርጀን ከዚህ የወሰደችው ምስል የአንድ ትንሽ ሰው ምስል ነው፤ ልብሱ ሰፍቶት የሚጎተት።

በ1947 አሜሪካዊው ሃያሲ ክሊያንት ብሩክስ ይህን ንባብ አረመ። ቁም ነገሩ የልብሱ መስፋት አይደለም፣ የሱ አለመሆኑ ነው አለ። ሰውዬው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ልብሱ የሌላ ሰው ነው።

በዚህ ክርክር የኛ ተረትና ምሳሌ ከብሩክስ ጋር ነው የሚቆመው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ስንል ወርቁ ከበደ ወይም ሰፋ ማለታችን አይደለም። ወርቁ ልክህ ሊሆን ይችላል፣ ሊያምርብህም ይችላል፤ ግን የሰው ነው። ማክቤዝ ለንግሥና የሚያንስ ሰው አልነበረም፤ ጀግና ነው፣ ብልህ ነው። ልክ ስለሆነው ነው ነገሩ ትራጄዲ የሚሆነው። የማይመጥነው ቢሆን ኖሮ የምናየው ኮሜዲ ነበር።

ሁለቱም ሃያሲዎች ሲያወሩ ያተኮሩት በተሰፋው ልብስ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መርፌና ክሩን ተከተሉ እላለሁ። ማክቤዝ መድረክ ላይ ሳይወጣ ስሙ የሚነሳው በአንድ የቆሰለ ወታደር ዘገባ ነው። ወታደሩ ማክቤዝ አንዱን ጠላት ከእምብርቱ እስከ መንጋጋው እንዴት እንደሰነጠቀው ሲተርክ የተጠቀመበት ግስ የልብስ ሰፊ ግስ ነው፤ ስፌቱን ተረተረው ነው የሚለው። አስቡት፤ የሰው ሆድ ተዘርግፏል፣ ቃሉ ግን የመርፌ ቤት ቃል ነው። ንጉሡ ይህን ሰምቶ ምን አለ? ዘመዱን አሞገሰ። እኛም አልደነገጥንም፤ ጀግና ነው ብለን አለፍን። ቴአትሩ ገና በሁለተኛው ትዕይንት ዘይቤ ደምን እንዴት እንደሚያስለምደን እኛው ላይ ሞክሮታል።

ክሩ ይቀጥላል። ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ሲወጣ እንቅልፍን ገደልክ የሚል ድምፅ እንደሰማ ይናገራል። እንቅልፍን የሚገልጸው ደግሞ የተተረተረውን የሐሳብ እጅጌ መልሶ እንደሚሸምን ባለሙያ ነው። ተርታሪው ሰው ሸማኔውን ገደለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የዚህ ሰው ነገር የሚጠገንበት ቦታ የለም። ባንኮን ለማስገደል ሲዘጋጅ ሌሊቱን የቀኑን ዓይን እንዲሰፋለት ይለምነዋል። ቃሉ ከአዳኝ ጭልፊት አሠልጣኞች የመጣ ነው፤ ወፏ እስክትገራ ድረስ የዓይኗን ሽፋን በክር ይሰፉት ነበር። ስፌት ከትርተራ አልፎ ዓይን መዝጊያ ሆነ። እንግዲህ ይህን «ተለዋጭ ዘይቤ» ብሎ ከብቦ ማለፍ ይቻላል። ግን ክሩን ይዞ ከጫፍ ጫፍ የሄደ አንባቢ የአንድን ሰው ነፍስ ታሪክ ነው የሚያገኘው።

«ነገሩ»

ባልና ሚስቱ ግድያውን ሲያቅዱ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ልብ በሉ። እመቤት ማክቤዝ የዛሬ ማታው ትልቅ ሥራ ትለዋለች። ስለሚመጣው ንጉሥ ስትናገር ለእንግዳው መሰናዳት አለበት ትላለች። ይህ የባለቤት ቋንቋ ነው፤ ወጥ የሚሠራ፣ አልጋ የሚነጠፍ ይመስላል። ማክቤዝ ደግሞ ብቻውን ሲያስብ ብዙውን ጊዜ «ይህ ነገር» እያለ ይዞረዋል፤ ይህ ነገር ሲደረግ ያኔውኑ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ እያለ። ነገሩ፣ ሥራው፣ ድርጊቱ። ሰው መግደልን በተውላጠ ስም ይጠራዋል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ልመና አለ። ከዋክብት ብርሃናቸውን እንዲደብቁ፣ ዓይኑ እጁ የሚሠራውን እንዳያይ፣ ምድር የእግሩን ኮቴ እንዳትሰማ ይጠይቃል። እንቶኔ ዘይቤ ነው፤ የማይሰማን ነገር እንደሚሰማ አድርጎ መጥራት። ግን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው አያችሁ? አትዩኝ፣ አትስሙኝ ነው የሚላቸው። የዚህ ሰው ቅኔያዊ ችሎታ በሙሉ አንድ ሥራ ላይ ተሰማርቷል፤ ራሱን ከራሱ መደበቅ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቋንቋው ከእጁ ያመልጣል። ከግድያው በፊት ብቻውን ሆኖ ሲያመነታ ርኅራኄን በሰውኛ ዘይቤ ይስላታል፤ እርቃኑን ያለ አራስ ሕፃን፣ ነፋስ ላይ ተቀምጦ የሚጋልብ። የሰማይ መላእክትም በማይታዩ የአየር ፈረሶች ይከተላሉ፤ የተፈጸመውን ግፍ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ይነፉታል፣ ነፋሱም በእንባ ይሰጥማል። ምስሉ እንግዳ ነው፣ አራስ ሕፃን እንዴት ነፋስ ይጋልባል? ሼክስፒር ግን ያወቀ ይመስለኛል። ሁሉም ነገር ለብሶ በሚዞርበት ቴአትር ውስጥ እውነቱ ራቁቱን መጣ። ማክቤዝም ያን ጊዜ በትክክል ያያል፤ ሚስቱ ስትገባ ነገሩን እንተወው ይላታል። አራሱ ሕፃን ለአፍታ አሸንፎ ነበር።

ይህን ከማግስቱ ጠዋት ንግግሩ ጋር አነጻጽሩት። ሬሳው ተገኝቷል፣ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ማክቤዝ ደግሞ ጠባቂዎቹን ለምን በችኮላ እንደገደላቸው ማስረዳት አለበት። እናም የደንካንን አስከሬን ሲገልጽ ብር የመሰለ ቆዳ በወርቅ ደም ተጠልፎ አየሁ ይላል። ጩቤዎቹ ደግሞ የደም ሱሪ ታጥቀው ነበር ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማን ነው ዘመዱ ታርዶ ሲያይ ስለ ብርና ወርቅ ጥልፍ የሚያስበው? ንግግሩ ከመጠን በላይ ለብሷል። ሼክስፒር ጥሩ መጻፍ አቅቶት አይመስለኝም፤ ውሸት ሲናገር ቋንቋው ምን እንደሚመስል እያሳየን ነው። የንጉሡ ልጆችም ያሸቱታል። ያላዘነ ሰው ሐዘንን ማሳየት አይከብደውም ተባብለው በዚያው ሹልክ ይላሉ። ሁለቱ ወጣቶች የዳኑት ጥሩ ሰሚዎች ስለነበሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግነቱ እውነት፣ ቀጥተኛው ውሸት

የዚህ ቴአትር በጣም የታወቀው ግነት ስለ እጅ ነው። ማክቤዝ የደማ እጁን አይቶ የውቅያኖስ ውሃ ሁሉ ቢታጠብበት እጁ አይነጻም፣ ይልቁንም ባሕሩ በሙሉ ይቀላል ይላል። ወዲያው ሚስቱ ትገባለች፤ የሷም እጅ ደምቷል። እሷ ግን ትንሽ ውሃ በቂ ነው ትላለች። ታጥበን እንተኛ ዓይነት ነገር።

በፈተና ቋንቋ የሱ ግነት ነው፣ የሷ ደግሞ ቀጥተኛ ንግግር። እና ማን ልክ ነው? አእምሮ ያለው ሰው በዚያች ደቂቃ ለእሷ ነው የሚፈርደው። ደም በውሃ ይለቃል፤ ባሕር በአንድ ሰው እጅ አይቀላም። ቴአትሩ ግን ሦስት ገቢር አስጠብቆን ፍርዱን ይገለብጠዋል። በአምስተኛው ገቢር እመቤት ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች፣ ደም የሌለበትን እጇን ታሻለች። ሽታው አልለቅ ብሏታል፤ የዐረብ አገር ሽቶ ሁሉ ይህችን ትንሽ እጅ አያጣፍጣትም ትላለች። ያ «ትንሽ ውሃ» የት ሄደ? አሁን የምትናገረው የባሏን ግነት ነው፤ ባሕሩ በሽቶ ተተካ እንጂ ሒሳቡ ያው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የሷ ቃል ግን አፋፍ ላይ አልቀረም፣ ሌሊት ሌሊት ተመልሶ እጇ ላይ ወጣ።

ሼክስፒር አንድ ነገር ጨምሯል። ይህች ሴት ከዚህ በፊት የተናገረችው በግጥም ነበር። እዚህ ትዕይንት ላይ ግን ግጥሙ ተወስዶባታል፣ በዝርው ነው የምትናገረው። ዐረፍተ ነገሮቿ የተቆራረጡ ናቸው፤ ከሽማግሌው ደም ወደ ማክዳፍ ሚስት፣ ከዚያ ወደ ባንኮ ይዘላሉ። የሚሸፍንላት ዜማ የለም። በቴአትሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነውን እንደሆነ ስትናገር እንሰማታለን፤ ስትተኛ ብቻ።

ባሏስ? እሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የተጓዘው። የባንኮ መንፈስ ግብዣውን ካመሰቃቀለበት በኋላ ደምን እንደ ወንዝ ይስለዋል። እስከ መሃል ገብቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ መመለስም መሻገርም እኩል አሰልቺ ነው ይላል። ቃሉን ልብ በሉት፤ አሰልቺ። መጀመሪያ ላይ አንድ እጅ ደም ባሕርን ያቀላ ነበር፤ አሁን ወንዝ ሙሉ ደም የሚያታክት መንገድ ሆኗል። ሁለቱ ቋንቋ ተለዋወጡ። እሷ ወደ ግነቱ ደረሰች፣ እሱ ወደ «ምን ችግር አለው» ወረደ። ትዳራቸው የፈረሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ከዚህ ትዕይንት በኋላ መድረክ ላይ አብረው አናያቸውም።

ሰሙን ሰምቶ

አሁን ወደ ጠንቋዮቹ እንምጣ። የዘመኑን ነገር ማወቅ እዚህ ጋ ይጠቅማል። በኅዳር 1605 እንግሊዝ ውስጥ ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰ ሴራ ተጋለጠ። ከሴራው ጋር በተያያዘ በ1606 ሄንሪ ጋርኔት የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ለፍርድ ቀርቦ ተሰቀለ። በችሎቱ ብዙ የተወራው ሁለት ትርጉም ስላለው አነጋገር ነበር፤ በመሐላ ሳይዋሹ አድማጭን ማሳሳት ይቻላል የሚል ትምህርት ነው። ማክቤዝ ውስጥ በር ጠባቂው በስካር መንፈስ ሆኖ የሲኦል ዘበኛ ነኝ ሲል፣ ከሚያስገባቸው ኃጢአተኞች አንዱ እንዲህ ዓይነት ተናጋሪ ነው። የዘመኑ ተመልካች ቀልዱ ወዴት እንደሚያመለክት አይጠፋውም ነበር።

ጠንቋዮቹ አይዋሹም። በአራተኛው ገቢር ለማክቤዝ የሚያሳዩት ነገር ሁሉ ይፈጸማል። ሴት የወለደችው አይጎዳህም፤ የበርናም ጫካ ተነስቶ ወደ ዳንሲኔን ኮረብታ እስካልመጣ አትሸነፍም። ማክቤዝ ይህን ሲሰማ ሁለቱንም እንደ ግነት ወሰዳቸው። ጫካ አይራመድም፤ ስለዚህ «በጭራሽ» ማለታቸው ነው። ከሴት ያልተወለደ ሰው የለም፤ ስለዚህ «ማንም» ማለታቸው ነው። ጠንቋዮቹ ግን በቀጥታ ነው የተናገሩት። ወታደሮቹ ቅርንጫፍ ቆርጠው ተሸክመው መጡ፣ ጫካው ተራመደ። ማክዳፍ ከእናቱ ማኅፀን ያለ ጊዜው ተቀዶ የወጣ ነው፣ አልተወለደም።

ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሰምና ወርቅ ወሬ ይመስለዋል፤ ግማሹ ልክ ነው። ልዩነቱ ግን አለ። ቅኔ ዘራፊው አድማጩ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንዲያገኝ ነው የሚፈልገው፤ ካላገኘለት ያዝናል። ጠንቋዮቹ የሚተማመኑት ግን ማክቤዝ እንደማያቀልጠው ነው። ምክንያቱም ሰሙ እሱ የሚፈልገውን ይመስላል።

ደግሞ ፍንጩን አልደበቁበትም። ከሴት የተወለደ አይጎዳህም ያለው ምስል በደም የተነከረ ሕፃን ሆኖ ነው የታየው። ስለ ጫካው የተናገረው ደግሞ ዘውድ የደፋ፣ እጁ ላይ ዛፍ የያዘ ሕፃን ነው። መልሱ ከጥያቄው ጋር መድረክ ላይ ቆሟል! ደም የነካው ሕፃን ተቀዶ የወጣው ማክዳፍ ነው፤ ዛፍ የያዘው ባለ ዘውድ ቅርንጫፉን ያስቆረጠው ማልኮም ነው። ማክቤዝ ቃሉን ሰማ እንጂ ምስሉን አላየም። በመጀመሪያው ገቢር ራቁት ሕፃን ነፋስ ሲጋልብ ማየት የቻለው ሰው፣ በአራተኛው ገቢር ሕፃን ፊቱ ቆሞለት ምን እንደሆነ ማንበብ ያቅተዋል። ዓይኑን ስፉልኝ ብሎ ለምኖ አልነበር? ተሰፍቶለታል።

እና የቴአትሩ ትልቁ ምጸት ለኔ ይህ ነው። ዘይቤ መፍጠር የሚችለው ሰው ዘይቤ ማንበብ አይችልም። መናገርና ማድመጥ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አንደበተ ርቱዕነት ስለ ተናጋሪው ማስተዋል ምንም ዋስትና አይሰጥም።

እንደ ጥቅስ የሚዞረው ንግግር

ከዚህ ቴአትር በማኅበራዊ ሚዲያ አብዝታችሁ የምታገኙት ንግግር አንድ ነው። ማክቤዝ የሚስቱን ሞት ሲሰማ የሚናገረው። ነገ፣ ነገ፣ ነገ እያለ የሚንፏቀቀው። ሕይወት የሚራመድ ጥላ ናት፣ መድረክ ላይ ጥቂት ተንጎራዶ የሚረሳ ምስኪን ተዋናይ ናት፣ ጅል የሚተርከው ትርጉም የለሽ ተረት ናት የሚለው። ጥቁር ዳራ ላይ በነጭ ፊደል ተጽፎ፣ ከስሩ «ሼክስፒር» ተብሎ ይዞራል።

ንግግሩ ታላቅ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን «ሼክስፒር» ማለት ልክ አይደለም፣ ተናጋሪው ማክቤዝ ነው። ማክቤዝ ደግሞ ይህን ሲናገር ሕፃናት አስገድሎ ነው። እስቲ አሁን ንግግሩን ከሱ አንጻር እዩት። ሕይወት ትርጉም ከሌላት የማክዳፍ ልጆች ሕይወትም ትርጉም የለውም፤ የባንኮም፣ የደንካንም። ከጅል ተረት ውስጥ ሁለት ሦስት ገጽ ቢቀደድ ማን ይጎዳል? ይህ ፍልስፍና ለተናገረው ሰው በጣም ይመቸዋል። ዕዳውን በሙሉ ይሰርዝለታል።

ዘይቤውም ራሱ ይመሰክርበታል። ሕይወትን ተዋናይ ያላት ሰው ዕድሜውን የሰው ልብስ ለብሶ የተወነ ሰው ነው። የገለጸው የሰውን ልጅ ሁሉ ሕይወት ሳይሆን የራሱን ነው፤ «ሕይወት» ብሎ ስም ቀየረለት እንጂ። ስለዚህ ንግግሩ የሚያምረው እውነት ስለሆነ ነው ከሚሉት ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ስለ ማክቤዝ እውነት ነው። ስለ እናንተ ግን ማስረጃ አልቀረበም።

ጫጩቶቹ

የዚህን ክርክር ሌላኛውን ወገን ቴአትሩ ያስቀመጠው ማንም በጥቅስ በማያዞረው ትዕይንት ውስጥ ነው። የማክዳፍ ሚስት ባሏ ጥሏት ወደ እንግሊዝ ስለሄደ ተቆጥታለች። ትንሿ ወፍ እንኳ ጎጆዋ ውስጥ ላሉ ጫጩቶቿ ስትል ከጉጉት ጋር ትታገላለች ትላለች። ልጇም ስለ ወፎችና ስለ ወጥመድ እየቀለደ ይመልስላታል። ጥቂት ቆይቶ ነፍሰ ገዳዮቹ ይገባሉ። የወፏ ምሳሌ ማንንም አልደበቀም፣ ምንም አላለበሰም። አንዲት እናት ያለችበትን ሁኔታ ልክ እንዳለ ነው ያሳየው።

ከዚያ ወሬው እንግሊዝ ላለው ማክዳፍ ይደርሳል። አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ረጅም ንግግር እንጠብቅ ነበር። እሱ ግን ዝም ይላል። ማልኮም ሐዘንህን ተናገረው እንጂ፣ ያልተነገረ ሐዘን ልብ ይሰብራል ይለዋል። ማክዳፍ ግን የሚያወጣው ጥያቄ ብቻ ነው። ልጆቼም? ሚስቴም? ሁሉንም ነው ያልከኝ? የተነገረውን መልሶ መልሶ ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መርዶ የተነገረው ሰው የሚያወራው እንዲህ ነው።

በመሃል አንድ ዘይቤ ያመልጠዋል፤ ጭልፊት። ጭልፊቱ ጫጩቶቼን ከነእናታቸው በአንድ ጊዜ ጠለፋቸው ይላል። የሚስቱን የወፍ ምሳሌ እሱ አልሰማም፤ ሩቅ አገር ነው ያለው። ግን ሁለቱ ተለያይተው አንድ ምስል ላይ ይገናኛሉ። ማክቤዝና ሚስቱ በአንድ ግቢ እየኖሩ ቋንቋቸው ተለያይቷል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በሞት ተለያይተው ቋንቋቸው አንድ ነው። ማልኮም ወዲያው ሐዘኑን ወደ በቀል እንዲቀይረው ሲገፋው፣ እንደ ወንድ ተጋፈጠው ሲለው፣ ማክዳፍ እጋፈጠዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ እንደ ሰው ሊሰማኝም ይገባል ይለዋል።

ከማክቤዝ ባሕርና መላእክት አጠገብ ሲቀመጥ ጭልፊትና ጫጩት በጣም ተራ ምስል ነው። ማንኛውም የገጠር ልጅ አይቶታል። ለፈተና ቢመጣም «ተለዋጭ ዘይቤ» ተብሎ በሁለት ሰከንድ ይታለፋል። ግን የሞቱት ሰዎች በዚህ ዘይቤ ውስጥ አሉ፤ ትንንሽ መሆናቸው፣ እናታቸው ስር መሆናቸው፣ አንድም አለመቅረቱ። በደንካን ብርና ወርቅ ውስጥ ግን ደንካን የለም፤ ያለው ተናጋሪው ብቻ ነው።

ስለዚህ «ማክቤዝ»ን ስታነቡ፣ ወይም መድረክ ላይ ስታዩት፣ የዘይቤውን ስም ከማወቅ አልፋችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ እዚህ ምስል ውስጥ የተጎዳው ሰው ይታየኛል? ጥያቄው ከቴአትር ቤት ውጭም ይሠራል። አማርኛችን ለግርማ ሞገስ የሚሆን ቃል አያጣም፤ ደምን «መሥዋዕትነት» የሚያሰኝ፣ የሞተን ሰው ወደ ቁጥር የሚቀይር፣ የጠፋን መንደር በአንድ ውብ ዐረፍተ ነገር የሚያሳልፍ ተናጋሪም አናጣም። እንዲህ ያለውን ንግግር ስትሰሙና ልባችሁ ሞቅ ሲል፣ ሌላ ምንም አታድርጉ፣ ማክዳፍ የጠየቀውን ጠይቁ። ልጆቹስ?